ሺህ ጫማ ላይ የተንኳኳው በር

ውሸት ነው የሚል ካለ ግራ እጄን ላሳየው እችላለሁ። የጥርሱ ጠባሳ እስካሁን አለ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ የክንፋችን ጫፍ እንኳ አይታይም።

እኔ ረዳት አብራሪ ነኝ። ካፒቴኑን "ጋሼ" ነው የምላቸው። መሪ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከአባቴ ለይቼ አላያቸውም።

አውሮፕላኗ የጭነት ናት። ከኋላችን ያለው የታሸገ መድኃኒት ብቻ ነው። የጭነቱን በር የቆለፍኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ሺህ ጫማ ላይ ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ።

ቀጥታ ከሄድን ተራራ አለ። በጉም ውስጥ ደግሞ ዓይን አይሠራም። መሣሪያውን ማመን ብቻ ነው።

ተነሳን።

"ስምንት መቶ..." አልኩ።

ኳ... ኳ... ኳ።

የአብራሪ ክፍላችን በር ነው። ከኋላችን!

"ሰማሽ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ጭነቱ ላልቶ ይሆናል ጋሼ። ሺህ ሞላን፣ ወደ ግራ..."

"ጭነት ያንኳኳል እንዴ?"

ዞሩ። እኔም አብሬ ዞርኩ። ስህተታችን ይቺ ናት... መሣሪያውን የሚያይ ሰው ጠፋ።

የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። በሩ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ።

ለኔ ጨለማ ብቻ ነው የታየኝ። የጋሼ ፊት ግን አመድ መሰለ።

"እሺ..." አሉ፣ ለበሩ። "እሺ፣ እወስዳችኋለሁ።"

"ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?"

ሬዲዮኑ ጮኸ። "መስመር ስታችኋል! ወደ ግራ! አሁኑኑ!"

መሪውን ጎተትኩ። ንቅንቅ አልል አለ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘውታል።

ማስጠንቀቂያው ጀመረ። መሬት... መሬት... መሬት።

ጣታቸውን ላላቅቅ ስሞክር እጄን ነከሱኝ። አጥንቴ ድረስ።

"ልቀቀው!" ጮህኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታው ከአፌ ጠፋ። "ልቀቅ አልኩህ!"

የእሳት ማጥፊያውን ከጎኔ ነቅዬ ግንባራቸው ላይ አሳረፍኩት።

አለቀቁም።

ደገምኩ። አፍንጫቸው ሲሰበር ሰማሁት። ደማቸው መሣሪያዎቹ ላይ ተረጨ።

በሦስተኛው ምት እጃቸው ዛለ።

መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ወደ ራሴ ሳብኩት። ከጉሙ ውስጥ ጥቁር ገደል ብቅ አለ... የዛፍ ጫፎች የአውሮፕላኗን ሆድ ቧጠጡት... ብረት ተቀደደ...

አለፍን።

እንዴት እንዳረፍኩ አትጠይቁኝ። መሣሪያዎቹን ያነበብኳቸው ደሙን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነው።

ሁለት ሜካኒኮች ገብተው ፈተሹ። ጭነቱ እንደታሰረ ነው። ሰው የለም።

ጋሼን በቃሬዛ ሲያወርዷቸው ነቁ። በዛ በተሰበረ ፊታቸው አዩኝ።

"የኔ ልጅ... እጅሽን ምን ሆንሽ?"

እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። እንባዬ ወረደ።

"ሁሉም ወረዱ?" አሉኝ።

"እነማን፣ ጋሼ?"

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀና ብዬ አውሮፕላኗን አየሁ። ሞተሮቿ ጠፍተዋል። ሁለቱም ሜካኒኮች ከጎኔ ቆመዋል።

በጋሼ ወንበር በኩል ክፍት የነበረው ትንሹ መስኮት...

ከውስጥ... ቀስ ብሎ...

ተዘጋ።