የአክስቲቱ ድምፅ

«አንተ ልጅ! ጆሮህን ወዲህ አምጣ እስቲ!»

አብርሆት ይህን ስትል ስቱዲዮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ። ሜሪ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ፊቷን አዞረች። ዝናብ ለማስመሰል ሰፌድ ላይ አተር የሚያንገዋልለው ልዑልቃል ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ካፊያውን ዶፍ አደረገው። ከመስታወቱ ማዶ የድራማው አዘጋጅ ጋሽ ሀብተሥላሴ በጣታቸው «ቀጥዪ» የሚል ምልክት ሰጧት።

አብርሆት ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች። ጉሮሮዋን ሻከር፣ ቃላቱን ጎተት አደረገች። «አንተ በዛወርቅ፣ ነገ ኮረሪማ ለቀማ እንሄዳለን። እናትህ አትንገር። እኔ አለሁ፣ ምን ትፈራለህ?»

በዛወርቅ ሴት ናት። በድራማው ውስጥ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ስትሆን የምትጫወታት ሜሪ ናት። አክስቷ አባብላ ከቤት ልታስወጣትና ለጠላፊዎች አሳልፋ ልትሰጣት ታሴራለች። አብርሆት የምትጫወተው ይቺን አክስት ነው።

ዓመቱ 2001 ነበር። ከቦንጋ ከተማ ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ የተሠራው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ገና ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በፊት ሰው ሬዲዮ ሲከፍት የሚሰማው የሩቅ አገር ወሬ ነበር። አሁን የጠፋ በሬ፣ የክትባት ቀን፣ በጎርፍ የተቆረጠ መንገድ፣ ሁሉም በሰፈር ሰው አፍ ይነገር ጀመር። ቅዳሜ ከሰዓት የሚተላለፈው የተማሪዎች ድራማ ሲጀምርማ ፀጉር ቤቱ መቀሱን፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያቆማል።

መጀመሪያ ላይ አብርሆት አክስቲቱን የተጫወተቻት በገዛ ድምፅዋ ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ ራሳቸውን እያከኩ «ጨው የለውም» አሏት። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ግን ሳታስበው ሌላ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድምፁ ከየት እንደመጣ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷ ግን ታውቃለች። የጎረቤታቸው የእትዬ ተሾመች ድምፅ ነው።

እትዬ ተሾመች ገበያ ውስጥ ቆጮና ኮረሪማ ይሸጣሉ። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ከደንበኞቻቸው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። አንድ ነገር በምስጢር መናገር ሲፈልጉ «ጆሮህን ወዲህ አምጣ» ይላሉ። የአብርሆት ወላጆች በሥራ ተመድበው ከወሎ የመጡ ናቸው። እናቷ ሆስፒታል ስታድር አብርሆት ያደገችው እትዬ ተሾመች ጓሮ፣ እንሰት መሃል እየተሯሯጠች ነው።

ድምፁ ከተማውን አዳረሰው። ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት «ጆሮህን ወዲህ አምጣ!» ይባባላሉ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ ሳይቀሩ «ሺሺንዳ! ሺሺንዳ! ጆሮህን ወዲህ አምጣ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ። ከሁሉ የገረማቸው ግን ከቢታ ገነት በኩል የመጣው ገበሬ ነው። አንድ ቅል ማር ይዞ ጣቢያው ድረስ ወጣ። ሴት ልጁን አንዲት ዘመድ ልክ እንደ ድራማው ከቤት ልታስወጣት ስትሞክር፣ ልጅቷ ነገሩ ትዝ ብሏት ሮጣ ትምህርት ቤት ገብታ ተርፋለች። «ማሩን ለዚያች ለክፉዋ አክስት ስጡልኝ» አለ ሰውየው። አብርሆት ያን ቀን ከኮረብታው የወረደችው እግሯ መሬት ሳይነካ ነው።

እትዬ ተሾመችም ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮአቸውን በር ላይ ሰቅለው ያዳምጡ ነበር። አክስቲቱን አብርሆት እንደምትጫወታት ያውቃሉ። «ውይ አንተ፣ እንዴት እንዲህ ክፉ ሆንክ!» እያሉ ትከሻዋን መታ ያደርጓት ነበር። ሰው የራሱን ድምፅ አያውቅም።

ነገሩ የተገለጠው በገበያ ቀን ነው። አብርሆት ቅቤ ልትገዛ ተልካ በቆጮ ተራ በኩል ስታልፍ፣ እትዬ ተሾመች አንድ ደንበኛ ሲጠሩ ሰማች።

«አንተ ልጅ! ና፣ ኮረሪማ ጥሩ ነው፣ እይ!»

አንድ ጎረምሳ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እንዴ! የሬዲዮዋ አክስት ራሷ!» ብሎ ጮኸ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስጠልፊ ነው?»

ተራው በሙሉ ሳቀ። ሕፃናት ተሰበሰቡና «ጆሮህን ወዲህ አምጣ! ጆሮህን ወዲህ አምጣ!» እያሉ ይጨፍሩ ጀመር። እትዬ ተሾመች አብረው ሊስቁ ከንፈራቸውን ከፈቱና ቀስ ብለው መልሰው ገጠሙት። አብርሆት ከተከመረ የሙዝ ዘለላ ኋላ ተጠግታ ቆመች። ልቧ «ሂጂ፣ አንድ ነገር በይ» አላት፤ እግሯ ግን ወደ ቅቤ ተራ ይዟት ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእትዬ ተሾመች በር ተዘጋ። አብርሆት ስታልፍ ሰላምታዋን የሚመልሱት ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ሆነ። ከዚያ ደግሞ አንድ ምሽት እናቷ ከሰፈር ስብሰባ ተመልሳ ነጠላዋን እያጠፈች እንዲህ አለች፦

«ስለ ምንጩ አጥር ነበር የተሰበሰብነው። እትዬ ተሾመች ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰብሳቢው ‹እርስዎ ምን ይላሉ?› ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በቃ። ያ ምንጭ ያለ እሳቸው ጭቅጭቅ ይጸዳ ነበር እንዴ? ምን ሆነው ይሆን?»

አብርሆት የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለሜሪ ነገረቻት። «ድምፁን ልተወው ነው» አለቻት።

«አብደሻል እንዴ?» ሜሪ መንገዱ መሃል ቆመች። «ያለሱ ድራማውን ማን ይሰማዋል?»

«እትዬ ተሾመች ላይ ሙድ እየያዝኩ እኮ ነው፣ ሜሪ።»

«አቦ አታካብጂ! የማንም ስም አልተጠራ። ትንሽ ቆይተው ይረሱታል። ደግሞ የቢታ ገነቷን ልጅ አስቢያት እንጂ። የተረፈችው ባንቺ ነው።»

አብርሆት መንገዷን ቀጠለች። ይህኛው እውነት ነበር። ድራማው ያንን ያህል የተሰማው ሰው በድምፁ ስለሳቀ ነው፤ በሳቁ መሃል ደግሞ ሌላውን ነገር ሰምቷል። ማታ አልጋዋ ላይ ተገላበጠች። የልጅቷን ፊት ባታውቀውም ልታስበው ሞከረች። የመጣላት ግን የእትዬ ተሾመች የተገጠመ ከንፈር ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ጓሮ ዞረች። እትዬ ተሾመች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው እንሰት ይፍቃሉ። ቀና ብለው አዩዋትና ሥራቸውን ቀጠሉ። አብርሆት አጠገባቸው ተቀመጠች፤ የቀርከሃ መፋቂያ አንስታም መፋቅ ጀመረች። በአማርኛ መጀመር አፈረች። ስለዚህ በሰባራ ካፊኖኖዋ ሞከረች፤ ያላት ቃል ጥቂት ስለሆነ የወጣው እንዲህ ያለ ነገር ነበር፦

«ድምፅ፣ የእርስዎ። እኔ ወሰደች። መጥፎ ነገር። እኔ... ሆዴ ታመመ።»

እትዬ ተሾመች አልሳቁም። ትንሽ ልጅ ሆና «ውሃ» ለማለት ፈልጋ ሌላ ነገር ስትልም ስቀውባት አያውቁም። መፋቂያውን አስቀመጡና በካፊኖኖ መለሱላት። በራሳቸው ቋንቋ ሲናገሩ አይጎትቱም፤ ቃሉ እንደ ምንጭ ውሃ ይወርዳል።

«አውቃለሁ» አሉ። «ከገበያው በኋላ በመጣው ቅዳሜ በሬን ዘግቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው ራሴን የሰማሁት። መጀመሪያ ልስቅ ነበር፤ ጎበዝ ነሽ፣ እውነቴን ነው። እኔም በልጅነቴ የሰው አነጋገር እያስመሰልኩ ሠርግ ቤት አስቅ ነበር። ግን እስከ መጨረሻው ሳዳምጥ አንድ ነገር አየሁ። ድራማችሁ ውስጥ ሐኪም አለ፣ ዳኛ አለ፣ አስተማሪ አለች። ሁሉም ደጎች ናቸው፤ አማርኛቸውም እንደ ማር የተጣራ ነው። እንደኔ የምትናገረው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ልጅ ሻጭ።»

አብርሆት አንገቷን ደፋች።

«የተድላን ልጅ ታውቂያታለሽ? ዛሬ ደካ ከተማ ነርስ ሆናለች። ጠላፊዎቹ ሲፈልጓት እዚሁ እንሰት መሃል ደብቄ ያሳደርኳት እኔ ነኝ። በር ላይ ቆሜ ‹አላየሁም› ያልኳቸውም በዚሁ በሚሳቅበት አማርኛዬ ነው።» መፋቂያቸውን አነሱ። «ድምፄን ወሰድሽ፤ እሺ። ለማን ሰጠሽው?»

ግንዱ ተፍቆ እስኪያልቅ ሁለቱም አብረው ፋቁ። ስትነሳ እትዬ ተሾመች ጣታቸውን ወደ ቀሚሷ ቀሰሩ። «ቀሚስህ ቆሸሸ፤ እናትህ ይቆጣል» አሉ በአማርኛ።

በቀረጻው ቀን አብርሆት ከሁሉም ቀድማ ኮረብታውን ወጣች። ድምፁን ልትተወው እንደምትፈልግ ስትነግራቸው ጋሽ ሀብተሥላሴ ገመድ እየጠቀለሉ ሰሟትና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አብርሆት፣ ሕዝቡ የሚጠብቀው ያንን ድምፅ ነው። የቢታ ገነቱን ሰውዬ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም ጋሼ። ግን ልጅቷን ልታታልል የነበረችው ሴት እንዴት ነበር የምትናገረው? ጠይቀናቸዋል?»

«አልጠየቅንም» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ።

«ምናልባት እንደኔ ነው የምትናገረው። ምናልባት እንደ እርስዎ። ክፉዋ አክስት የግድ እንደ እትዬ ተሾመች ማውራት አለባት?»

ገመዱ እጃቸው ላይ ቆመ። «ማነው... ያ ድምፅ የእትዬ ተሾመች ነው እንዴ? የኮረሪማዋ?» ቀስ ብለው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። «እኔም እዚያ እየሄድኩ እገዛለሁ እኮ።» ገመዱን አስቀመጡት። «እንግዲህ ስሚኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክረዋለን። ካልሆነ የአክስቲቱን ሚና ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«እሺ» አለች አብርሆት።

ሌሎቹ መጡ። ሜሪ ነገሩን ስትሰማ ዓይኗን አንከባለለች። ቀይዋ መብራት በራች። አብርሆት ማይክሮፎኑ ላይ ተጎንብሳ በገዛ ድምፅዋ፣ ቤት ውስጥ በምትናገርበት ለስላሳ አማርኛ ተናገረች።

«ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ። አጠገቤ ቁጭ በይ። ለእናትሽ እኔ እነግርልሻለሁ፤ አንቺ ምንም አታስቢ። ከአክስትሽ በላይ ማን አለሽ?»

ማንም አልሳቀም። ሜሪ በጽሑፉ መሠረት ወዲያው መመለስ ሲገባት ዘገየች። «እሺ... እትዬ» ስትል ድምፅዋ እውነተኛ ፍርሃት ነበረበት።

መብራቷ ጠፋች። «ኧረ አቦ፣ አስፈራሽኝ!» አለች ሜሪ ክንዷን እያሻሸች። «ያኛዋን ሰው ይስቅባታል፤ ይቺን ግን እኔም ብሆን ተከትያት እሄድ ነበር።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከመስታወቱ ጀርባ ወጡ። አብርሆት ግን እንዲናገሩ አልጠበቀችም። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ክፍል በዛወርቅ ስታመልጥ የሚደብቃት ሰው ያስፈልጋል አይደል?»

«ፖሊሱ ነው የሚያገኛት።»

«ከፖሊሱ በፊት አንዲት አሮጊት እንሰት መሃል ቢደብቋትስ? በካፊኖኖም በአማርኛም የሚናገሩ፣ እንደ ልባቸው።»

«ማን ይጫወታቸዋል? አንቺ?»

«እኔማ አልጫወትም።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ትክ ብለው አዩዋት። «እትዬ ተሾመች ይመጣሉ ብለሽ ነው? እምቢ ቢሉሽስ?»

«እምቢ ካሉ እምቢ አሉ። ልጠይቃቸው?»

«ጠይቂያቸው» አሉ።

ኮረብታውን ሲወርዱ ሜሪ ቀድማቸው ሄደች። አብርሆት ካፊኖኖ የእናት ቋንቋው የሆነውን ልዑልቃልን እጅጌውን ይዛ አስቆመችው። «አንድ ትልቅ ሰው በአክብሮት ሲጠየቅ እንዴት ነው የሚባለው? ‹ፈቃድዎ ከሆነ ይመጣሉ ወይ› ለማለት?»

ልዑልቃል ነገራት። ደገመችው።

«እንደሱ ካልሽ ልጅ የጠራሽ ይመስላል» አለ። «መጨረሻው ላይ ረገብ አድርጊው።»

ደገመችው። አንድ በቅሎ የሚነዳ ሰው አጠገባቸው ሲያልፍ ሰምቷት ፈገግ አለ። አብርሆት ፊቷ ጋለ፤ ቢሆንም አላቆመችም። ከታች የሰፈሩ ጣሪያዎች መታየት ጀምረዋል፤ የእትዬ ተሾመች ጓሮ እንሰቶችም በነፋሱ ይወዛወዛሉ።

«እንደገና» አለ ልዑልቃል።

እንደገና አለችው።