ከካርቡሬተሩ የወደቀችው ኳስ

ፒንሳ የልብስ መዘፍዘፊያውን ሳፋ አዘንብላ አሮጌውን ቤንዚን ወደ ጣሳ ስታንቆረቁር አንድ ነገር ጢን አለ። ጣቷን ሰድዳ ከዝቃጩ ውስጥ አወጣችው። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የብረት ኳስ ናት።

ምን እንደሆነች ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። በአያቷ አሮጌ የጦር መኪና መመሪያ ላይ ሥዕሏን አይታዋለች፤ ቁጥር ሃያ ሦስት፣ ነዳጅና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሥር ካለች፣ ዓይን ከማይደርስባት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ቤንዚን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ሞተሩ ይነሣል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ትን ይለውና ይጠፋል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያደርግ የከረመውም ይህንኑ ነው።

አያቷ የመኪና ዕቃ የሚያጥቡት በቆርቆሮ ትሪያቸው ነው፤ በሳፋ ሠርተው አያውቁም። ሳፋው የእናቷ ነው፤ ከቤት ደብቃ ያወጣችው ደግሞ ፒንሳ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አያቷ ካርቡሬተሩን ሊያጥቡት ከመኪናዋ ላይ አውርደው ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ «እስክመለስ እንዳትነኪው። ደግሞ ካርቡሬተር አይገለበጥም» ብለዋት ነበር። መጠበቅ የት ታውቅና። ክዳኑን ፈታች፣ ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ ቆሻሻው ይውጣ ብላ ገልብጣ አራገፈችው። ከዚያ ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ሳፋውን ከነቤንዚኑ ከድና ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ደበቀችው።

ኳሷን በመዳፏ ጨብጣ ወደ ጓሮ ሄደች።

መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። አያቷ ወታደር ሳሉ ዓመታት ነድተዋታል፤ ጦሩ ሲጥላት ለምነው ያመጧትም እሳቸው ናቸው። አሁን ከሾፌሩ ወንበር ሥር መፍቻዎቻቸውን አንድ በአንድ እያወጡ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ።

«ነይ ፒንሳ» አሏት። ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ ሞተር ውስጥ የገባ ብሎንና ዳዶ ሁሉ በቀጫጭን ጣቶቿ ለቅማ ስለምታወጣ። «ይቺ ካቻቢቴ ላንቺ ትሁን። ብረት ገዢው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።»

«ቆራርጦ ሊወስዳት ነው?»

«ምን ላድርግ? ሦስቴ ፈታሁት፣ ሦስቴ ገጠምኩት። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ የምገጥመው ዕቃ ነው እኮ።» ቀኝ እጃቸውን ዘረጉት። ከዓምና ጀምሮ እንደሚያደርገው ተንቀጠቀጠ። «እጄ ነው። ለገዢውም ነግሬዋለሁ። ዛሬ ካርቡሬተር ያቃተው ሰው ነገ ፍሬን ሊነካ ነው? ከእንግዲህ መፍቻ አልይዝም።»

ፒንሳ መዳፏን ከፈተች። «አባባ፣ ይቺን አገኘኋት።»

መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አዩዋት። «የት?»

«ጠረጴዛው ሥር።»

ውሸቱ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው። መጥፎ ውሸትም አልመሰላትም። ኳሷ ቦታዋ ትገባለች፣ መኪናዋ ትድናለች፣ የሚቆጣም አይኖርም።

አያቷ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ቀስ ብለው ትርፍ ጎማው ላይ ተቀመጡ። «ጥያታለሁ ማለት ነው» አሉ። «ስትወድቅ እንኳ አልሰማሁም።» ኳሷን መለሱላት። «በቃ፣ ከመኪናዋ ጋር አብራ ትሂድ።»

ፒንሳ ቆማ አየቻቸው። ግማሹ ካርቶን ሞልቷል።

«ጠረጴዛው ሥር አይደለም» አለች። «የእማዬ ሳፋ ውስጥ ነው።»

«ሳፋ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ሐኪም ቤት የሄዱ ቀን ፈትቼው ነበር። ሳፋ ውስጥ አጠብኩት። ከዚያ ገለበጥኩት።»

«ገለበጥሽው?»

«አዎ።»

«እየነገርኩሽ?»

«አዎ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ።» ኳሷን በመዳፏ አገላበጠች። «ሦስቴ። አራግፌዋለሁም።»

አያቷ አቀረቀሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብላ ጎንበስ ስትል እየሳቁ ነው፤ ድምፅ እስኪያጥራቸው ድረስ እየሳቁ ነው።

«አንቺ ጉድ» አሉ ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄን ስመክር! ‹ምን አደረግኩህ፣ ምን ነካህ› ስለው!»

«አልተቆጡም?»

«መቆጣትማ እቆጣለሁ። እሱ ነገ ይደርስሻል፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ካቻቢቴዋን አምጪ።»

ካርቡሬተሩን ለአራተኛ ጊዜ አወረዱት። አያቷ ኳሷን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ጉድጓዷ ሲያስጠጉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ለፒንሳ አቀበሏት። «ይሄ እጅ ያውቃል እንጂ ዝም ብሎ አይቆምም። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ሥሪ። አትቸኩይ።»

ኳሷን ጉድጓዷ ውስጥ አስገብታ እያንዳንዱን ብሎን በእሳቸው ቃል አሰረች። «ግማሽ ዙር» ሲሉ ግማሽ፣ «ተይው» ሲሉ ተወችው። ሁለቴ እጇ ሊቀድማቸው ብሎ ያዘችው።

አያቷ ወንበሩ ላይ ወጥተው ሞተሩን አስነሡ። ሁለቴ አስሎ ተነሣ። ነዳጅ መስጫውን ረገጡ። ሞተሩ ትን አላለውም፤ አጓራ፣ ረገብ አለ፣ እንደገና ሲረግጡት እንደገና አጓራ። አያቷ ሳያስፈልግ አምስቴ ስድስቴ ረገጡት።

ሞተሩ ሲጠፋ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈተች። ብረት ገዢው ነው፤ ወፍራም ሰንሰለት ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ከመንገድ ድረስ ይሰማል!» አለ። «እጅዎ ተመለሰልዎ እንዴ?»

አያቷ ከመኪናው እየወረዱ ፒንሳን በጎን አዩዋት። «ኧረ ምንም አይደል፤ አንድ ትንሽ ዕቃ ወድቃ…»

«እጃቸው የትም አልሄደም» አለች ፒንሳ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው መጀመሪያ ፒንሳን፣ ከዚያ መኪናዋን፣ ከዚያ አያቷን አየ። አያቷ መፍቻዎቻቸውን ከካርቶኑ መልሰው ማውጣት ጀምረዋል። ሰውዬው ሰንሰለቱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። ፒንሳ በሩን አልዘጋችውም፤ እስኪወጣ እንደከፈተች ያዘችለት።