ድንጋይ የጫነው እጅ

የልብስ አጣቢዋ ልጅ ድልድይ በሚሠራ ድርጅት ሥራ በጀመረችበት ጠዋት፣ እናቷ ኮሌታዋን ደጋግማ አስተካከለችላት።

«ሚጣዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እዚያ ቤት ሰው አለሽ?»

ማንም አልነበራትም። ድርጅቱ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለወጡ ልጆች በሩን ከፍቶ ነበር። ለሠልጣኞቹ ደመወዝና የመጓጓዣ ይከፍላል፤ ለእያንዳንዳቸውም ሥራ የሚያሳይ መሐንዲስ ይመድባል። እናቷ ግን አላመነችም። ሰው የሌለው ደጅ ይቀራል ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው።

ለሚጣ የደረሳት መሐንዲስ ረጅም፣ ቁጥብ ወጣት ነበር፤ ባልደረቦቹ «ዝምታው» ይሉታል። ውድ ትምህርት ቤት የተማረ የሀብታም ልጅ ነው ሲሏት ፈርታው ነበር። እሱ ግን ስትሳሳት አይስቅም፤ ወንበሩን ያስጠጋና ከሥር ይጀምርላታል። ውሎ አድሮ እርሳስ ሲቀባበሉ ጣቶቻቸው መዘግየት ጀመሩ። አንድ አመሻሽ እስከ ቤቷ ሸኛትና፣ እናቷ ከታጠበው ክምር ጋር ስትታገል አይቶ እጅጌውን ሰብስቦ አንሶላ አብሯት ጨመቀ።

በማግስቱ ዘጋት። ጠረጴዛውን ቀየረ፤ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። ቤታችንን አይቶ ነው ብላ ደመደመች። ለእናቷ አልነገረችም፤ ያወቀው ትራሷ ብቻ ነው።

የሥልጠናው ማብቂያ ደረሰ። ቋሚው የሥራ ቦታ አንድ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከቀጫጭን እንጨት ትንሽ ድልድይ ይሠራል፤ ስም አይጻፍበትም፣ የት ተማርክ የሚልም የለም። ድልድዮቹ በየተራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና እስኪሰበሩ ድንጋይ ይጫንባቸዋል፤ ብዙ የተሸከመው ባለቤት ይቀጠራል።

ጫኙ ዝምታው ሆኖ ተገኘ።

የሌሎቹ እየተንጣጡ ወደቁ። የሷ ተራ ሆነ። ድንጋይ ጨመረ፤ ድልድዩ ጎበጥ ብሎ ቆመ። ደገመ፤ ቆመ። እያንዳንዱ ድንጋይ ደረቷ ላይ የሚያርፍ መሰላት። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ መነጽሯን አውልቃ ተጠጋች። ያ ከክብሪት እንጨት ያልወፈረ ነገር ተራራ ተሸክሞ ቆመ፤ በመጨረሻ ያለቀው ድንጋዩ ነበር።

«የማን ነው?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

ሚጣ ብድግ አለች። ዝምታው ዞሮ ሲያያት ባዶ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ስትወጣ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ለምን ዘጋኸኝ?»

«ቤታችሁ በመጣሁ ማግስት ጫኝ ተብዬ ተመረጥኩ። የሚጭን ሰው ድልድዩ የማን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ካወቅሁ እጄ ይሳሳልሽ ነበር፤ ያኔ ‹በሰው ገባች› ይሉሻል።»

«ይሄንኑ ብትነግረኝስ?»

«አፍ የለኝም እኮ። ምን እንደሚሉኝ ታውቂ የለ?»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ሚጣ ከተቀጠረች በኋላ በእጇ ያለፈው የመጀመሪያ ሥራ በሰፈራቸው ወንዝ ላይ የተዘረጋው የእግረኛ ድልድይ ነው። ያለቀ ዕለት እናቷን ከዝምታው ጋር ሆና ወሰደቻት። እናት ብረቱን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ወንዙን ቁልቁል አየች፤ ከዚያ ልጇን ቀና ብላ አየቻት፣ ገና ዛሬ እንደተዋወቁ ሁሉ።

«ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«ከሰዎች ጋር ሆኜ፣ እማዬ።»

እናት እግሯን እየሞከረች ተራመደች። መሃሉ ላይ ስትደርስ ወደ ዝምታው ዞረች።

«ድንጋይ ስትጭንባት ነበር አሉ። በል እንግዲህ ልጄ፤ ከዛሬ ወዲያ አብረሃት ተሸከም።»