ገበር የገባለት አልጋ ልብስ

ማይራ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ አልጋዋ አጠገብ ቆማ ቀረች። አልጋ ልብሱ አልቋል። ሰማያዊ ገበር ገብቶለት፣ ዳር ዳሩ ተቀምቅሞ፣ ጥጋጥጉ ሳይቀር ተስተካክሎ ተዘርግቷል።

«ሳጥን ውስጥ እንዳለ ብል ሊበላው ነበር» አለች ኤኒት ከበሩ ላይ፣ ክር የተለጣጠፈበትን ሽርጧን እያራገፈች። «ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሲበርድሽ አያለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ኤኒት።»

ያመሰገነው አፏ ብቻ ነው። ልቧ እዚያ አልነበረም።

ኤኒት ባለፈው ዓመት አባቷ ያገባት ሴት ናት። የከተማቸው የሎሃ ዳቦ ቤቶች ደንበኞቻቸው በፌስታል ፈንታ የጨርቅ ከረጢት ሲጠይቁ አይታ፣ የስፌት መኪናዋን ወጥ ቤት ተክላ ከዱቄት ጆንያና ከጨርቅ ትራፊ ከረጢት ትሰፋለች። እጇ ሥራ መፍታት አያውቅም።

አልጋ ልብሱን የጀመረችው ግን የማይራ እናት ነበረች። ማይራን ከጠበቧት ቀሚሶች፣ ከአባቷ አሮጌ ሸሚዞችና ከአያቷ መጋረጃ እየቆራረጠች የላይኛውን ገጽ ከገጠመች በኋላ፣ ገበሩን ሳታስገባ ወደ ስፔን ሄደች። አውቶቡስ ጣቢያ ላይ ማይራን አቅፋ፣ «እንዳትነኩት። ስመለስ እኔው እጨርሰዋለሁ» አለቻት። ማይራ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሳጥኑን ከፍታ አታውቅም። አልጋ ልብሱ ሳያልቅ እዚያ መቀመጡን ማወቅ ይበቃት ነበር።

ማታ የሙዝ ሾርባቸውን ሲጠጡ አባቷ ስለ አልጋ ልብሱ አወራ። «አቦ ኤኒት፣ የልጅቷን ክፍል ሆቴል አስመሰልሽው» አለ። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ እሱም አብሯቸው ቆሞ ነበር። ማይራ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው፤ ምንም የሚያስታውስ አይመስልም። ሾርባዋን ጨርሳ ሰሃኖቹን አጠበች።

ቅዳሜ ኤኒት ከረጢቶቿን ለማድረስ ስትወጣ ማይራ የአባቷን ምላጭ አመጣች። ተናዳ አልነበረም፤ ንዴት የሚመስል ነገር ውስጧ ፈልጋ አጥታለች። ባቄላ እንደሚፈለፍል ሰው፣ ስፌቱን ከአንዱ ጥግ ይዛ ትተረትር ጀመር። አንዱን ጎን ጨርሳ ሁለተኛውን ስታጋምስ ምላጩ ሳተና አንዱን የሸሚዝ ቁራጭ ቀደደው። ቀና ስትል ኤኒት ጃንጥላዋን ረስታ ተመልሳ ኖሮ በሩ ላይ ቆማለች።

ማይራ ቁጣ ጠበቀች። ኤኒት ግን ከረጢቶቹን መሬት አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ የመኪናዋን መሳቢያ ከፍታ ጫፉ ሹካ የመሰለ ትንሽ መተርተሪያ ይዛ ተመለሰች።

«በምላጭ ጨርቁን ትጨርሽዋለሽ» አለች። «በዚህ ከሥሩ ያዢና ቀስ ብለሽ ሳቢው።»

ማይራ ተቀበለቻት። «እማዬ ነበረች የምትጨርሰው» አለች።

ኤኒት ፊቷ ልውጥ አለ። «አላወቅኩም። የነገረኝ የለም።» ከረጢቶቿን አንስታ ወጣች። ጃንጥላዋን አሁንም ሳትወስድ ቀረች።

እሑድ እናቷ ከስፔን፣ ከሙርሲያ በቪዲዮ ደወለች። በስልኩ መስታወት ላይ ፊቷ ደክሞ ይታያል። ስለምትጦራቸው አሮጊት ካወራች በኋላ የማይራን የፈተና ውጤት ጠየቀች። ማይራ አልጋ ልብሱን እትዬ ኤኒት እንደጨረሰችው ነገረቻት።

«የትኛውን አልጋ ልብስ?»

«የቁርጥራጩን። አንቺ የጀመርሽውን።»

እናቷ ጥቂት አሰበች። «ውይ፣ እሱ እስካሁን አለ እንዴ? እንኳን አለቀ የኔ ቆንጆ። እዚያ ደግሞ ብርድ ነው።» ከዚያ አሮጊቷ ጠሯትና ቻው ተባባሉ።

ማይራ ስልኩን ይዛ ቁጭ አለች። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። አልጋ ልብሱ ግማሹ ተተርትሮ፣ ሰማያዊው ገበር ተንጠልጥሎ አጠገቧ ተቀምጧል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አጣጥፋ ታቅፋው ወጥ ቤት ገባች።

«እትዬ ኤኒት፣ ከዚህ ክር ተርፏል?»

ኤኒት መኪናዋን አቆመች። «አለ። አምጪው፣ አሁኑኑ በመኪና ልምታልሽ።»

«አይ። በእጄ ነው የምሰፋው።»

ኤኒት ክሩንና መርፌውን ሰጥታት፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ከረጢቶች ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። ማይራ ክሩን በሦስተኛው ሙከራ አስገባች። መጀመሪያ የተቀደደውን የሸሚዝ ቁራጭ ጠቀመች፤ ቀጥላ ጎኑን ያዘች።

ኤኒት አንገቷን ሰገግ አድርጋ ስታይ ቆይታ፣ «ወደ ግራ እየጠመመብሽ ነው» አለች።

«ይጥመም» አለች ማይራ፣ ቀና ሳትል።