ለወጣቱ ለቅቀናል

«ሄርሜላ! ያንን ቁምጣ ቀይሪና ውረጂ፤ ሽማግሌዎች እየመጡ ነው!»

ሄርሜላ ከደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ እናቷን ቁልቁል አየቻት። ከልምምድ መመለሷ ስለነበረ ላቧ እንኳ ገና አልደረቀም፤ ቀዩን የክሪኬት ኳስ እንደያዘች ነው። እሷ የምታውቀው ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ያለችው ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ ያውም የአስራ አምስት ዓመት ልጅ።

«ማነው የሚያገባው?»

«ማንም አያገባም» አለች እናቷ መዓዛ፣ የሶፋውን ትራስ እያራገፈች። «አባትሽን ሊለምኑት ነው።»

«ምን ብለው?»

«ወደ ቡድኑ ተመለስ ብለው ነዋ! ሌላ ምን ይለምኑታል?»

«ዌይት፣ ዌይት። አባዬ እኮ ሪታየር አድርጓል። ራሱ ነው በቃኝ ያለው፤ ማንም አላስገደደውም።»

መዓዛ ትራሱን ጣል አድርጋ ቀና አለች። «አንቺ ልጅ፣ ሰው በቃኝ ስላለ በቃው ማለት ነው እንዴ?»

ኢትዮጵያዊና ክሪኬት ደግሞ ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። ሄርሜላም ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ጥያቄ መመለስ ሰልችቷታል። አባቷ ጥላዬና ጓደኞቹ በስደት ያደጉት ናይሮቢ ነው። እዚያ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ሦስት እንጨት መሬት ላይ ተክሎ፣ አንዱ ኳስ ወርውሮ እንጨቶቹን እንዲመታ፣ ሌላው ባት በሚሉት ጠፍጣፋ ዱላ እንዲከላከል እያደረገ አስተማራቸው። ጨዋታው ደማቸው ውስጥ ገባ። አትላንታ መጥተው ሥራ ይዘው፣ ቤት ገዝተው፣ ወልደው ሲረጋጉ፣ ስደተኛው ሁሉ በየአገሩ ስም ቡድን አቋቁሞ የሚጋጠምበት አንድ የእሁድ ውድድር አገኙ። ህንድ አለ፣ ኔፓል አለ፣ ጃማይካ አለ። እነ ጥላዬም «ኢትዮጵያ» የሚል ማልያ አሰፍተው ገቡ። መጀመሪያ የሳቀባቸው ብዙ ነበር፤ ለፍጻሜ ሲደርሱ ግን ሳቁ ጠፋ።

ዕድሜ ግን ለማንም አይመለስም። ያለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ኔፓሎች ድባቅ መቷቸው። የጥላዬ ጉልበት እንደከዳው ሜዳው ዳር የቆመ ሁሉ አይቷል። በዚያው ምሽት፣ ታከር በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት እራት ላይ፣ ጥላዬና ሦስት እኩዮቹ ብድግ ብለው «በቃን። ለወጣቱ ለቅቀናል» አሉ።

ጉዱ የመጣው ይኼኔ ነው። እንደ ወጉማ ቢሆን ቤቱ በአንድ እግሩ መቆም ነበረበት። «ምን ሲደረግ! እናንተ ከሌላችሁ ቡድኑ ይፍረስ!» መባል ነበረበት። አንዱ ተነስቶ ጉልበታቸው ላይ መውደቅ፣ እነሱም እያንገራገሩ ተመልሰው መቀመጥ ነበረባቸው። ልጆቹ ግን እዚሁ ያደጉ ናቸው፤ የሰሙትን አመኑና አጨበጨቡ። ፊልጶስ የሚባለው፣ የሄርሜላ ጓደኛ፣ በሁለት ጣቱ አፏጨ። ሄርሜላማ ማጨብጨቡ አልበቃት ብሎ በሳምንቱ «እናመሰግናለን» የተጻፈበት ኬክ አሰርታ አራቱንም አስቆረሰቻቸው። ጥላዬ ኬኩን ፈገግ ብሎ ቆረሰ፤ አልቀመሰውም። እሷ ስኳር የቀነሰ መስሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ አሸብር ልጆቹን ሰብስቦ ቡድኑን እንደ አዲስ ሊሠራ ተነሳ። የብርዱን ወራት በሙሉ ኮንየርስ ከተማ ካለ አንድ መጋዘን ኋላ፣ ከባድ መኪኖች በማይቆሙበት ፓርኪንግ ላይ ሲሮጡና ሲወረውሩ ከረሙ። ሄርሜላ የቡድኑ የመጀመሪያ ወርዋሪ ሆነች። ውርወራውን ያስተማራት ጥላዬ ነው፤ «ክርንሽ እንዳይታጠፍ!» የሚለው ድምፁ እስከዛሬ ጆሮዋ ላይ አለ። ሆኖም ልምምዷን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላየም። በጠየቀችው ቁጥር ኮሌጅ ፓርክ የመንገደኛ ማመላለሻ ሻትል የሚነዳበት ሥራ እንደበዛበት ይነግራታል። እሷም አመነችው። ምን ታድርግ፣ ማመን ነው የለመደችው።

ባለፈው ቅዳሜ ለማሟሟቂያ ከጃማይካ ቡድን ጋር ተጋጠሙና ተሸነፉ፤ ያውም ክፉኛ። ባት የያዙት ልጆች እንደ በሰለ ሾላ ረገፉ። ሄርሜላ ብቻዋን አምስት ጃማይካዊ እንጨታቸውን መትታ ከጨዋታ አስወጥታ ነበር፤ ግን ማን አየላት? ትልልቆቹ በስልክ ሲቀባበሉት ያመሹት «ኢትዮጵያን አዋረዷት» የሚለውን ነው። ነገ እሁድ ውድድሩ ይጀመራል። እነሆ ዛሬ ሽማግሌ ሊመጣ ነው።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ አኩርፎ ነበር ማለት ነው?» አለች ሄርሜላ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ እንዲለመን ይፈልጋልና ለምኑልኝ ልበል? እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ይወጣል እንዴ? ነውር ነው!»

ሄርሜላ ያ ኬክ ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። አፈረች። ወዲያው ደግሞ ተናደደች፤ እንደዚህ ዓይነት እንቆቅልሽ ማን አስተምሯት ነው የምትፈታው?

የበሩ ደወል ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ፊት ፊት ጋሽ ኃይለመስቀል ኮታቸውን ለብሰው፣ ቀጥለው እትዬ ውቢት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከኋላ አሸብር ገቡ። አሸብር ሄርሜላን ሲያያት ቶሎ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ማሰሪያውም አልፈታ አለው።

«እንዴ! ምን እግር ጣላችሁ?» አለ ጥላዬ ከላይ እየወረደ። ሸሚዙ ግን ተተኩሷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሲቀመጡ ሄርሜላ ጭማቂ ልታቀርብ ትሪ ይዛ ቆመች።

«እንግዲህ ጥላዬ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «የመጣነው ልንለምንህ ነው። እንቢ እንዳትለን።»

«እርስዎን እንዴት እንቢ እላለሁ፣ ጋሼ? ብቻ የክሪኬቱ ነገር ከሆነ ይተዉት። እሱ አልፏል። እኛ እኮ በኬክ የተሸኘን ሰዎች ነን።»

ሄርሜላ ዓይኗን ትሪው ላይ ተከለች።

«ልጅ ምን ያውቃል ብለህ ነው?» አሉ እትዬ ውቢት። «እዚህ ያደገ ልጅ የነገርከውን ይሰማል። ያልነገርከውን ከየት ያምጣው?»

«አሁንማ ጉልበቴም እንቢ ብሏል።»

«ጉልበትህ ባይኖር ልጆቹ አንተን አይተው ይበረታሉ» አሉ እትዬ ውቢት። «ስለ እግዚአብሔር ብለህ! አፈር ስሆን!»

ጥላዬ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ጊዜ ለመኑት፣ ሁለት ጊዜ እንቢ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሦስተኛው ላይ እሺ እንደሚል ያውቃል። ሄርሜላ እንኳ አሁን ገብቷታል።

«የቤቱ ልጅ ትለምነው» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል ወደ እሷ ዞረው። «ያጨበጨበችውም እሷ አይደለች? ነይ ልጄ። የአባትሽን ጉልበት ያዢና ተመለስ በይው።»

ሄርሜላ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ አባቷ ግን አልሄደችም።

«አሸብር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። እሱ እሺ ካለ ሦስቱም ይከተሉታል። አራቱ ሲገቡ ማን ነው የሚወጣው?»

መዓዛ በዓይኗ ቆነጠጠቻት። አሸብር ከትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ አንስቶ በመዳፉ መሃል ያሽከረክር ጀመር።

«ያው… ለጊዜው ነው ሄርሚ። ትንንሾቹን ነው። ፊልጶስን፣ ሁለቱን መንትዮች… እና አንቺን። እናንተ ጊዜ አላችሁ። ነክስት ይር—»

«እኔን? አምስት ሰው ያስወጣሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ። ግን አባትሽ የሚገባው ያንቺ ቦታ ላይ ነው። ድሮም መጀመሪያ ወርዋሪ እሱ ነበር። ሌላ ቦታ ብሰጠው ቅር ይለዋል።»

ሄርሜላ አባቷን አየችው። ‹በልጄ ቦታማ አልገባም› ማለት ይችል ነበር። አጭር ነገር ናት። ቢላት ሽማግሌዎቹም አይቀየሙትም ነበር፤ እንዲያውም ያከብሩት ነበር። ጠበቀችው። ጥላዬ ጉልበቱን እያሻሸ ምንጣፉን ያያል። ጨዋታውን ያስተማራት ሰው፣ እሷ ስትወድቅ ከእሷ በፊት «ወይኔ!» የሚለው አባቷ፣ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እንደዚያች ደቂቃ ጠልታው አታውቅም፤ እንደዚያች ደቂቃ አሳዝኗትም አያውቅም።

እንቢ ብትልስ? ሽማግሌዎቹ አፍረው ይወጣሉ። እሱም ዳግመኛ አይጠራም፤ ተለምኖ በገዛ ልጁ የተከለከለ ሰው ተብሎ ይቀራል። የእሷ ቦታ ግን ይተርፋል።

ሄዳ ተንበረከከችና ጉልበቱን ያዘችው። ከሱሪው ሥር ደንደን ያለ ነገር እጇን ነካት። የጉልበት ማሰሪያ ነው፤ ሜዳ ሲወርድ ብቻ የሚያስረው። ሰውዬው ገና ሳይለመን ታጥቆ ነው የተቀመጠው።

«ተመለስ፣ አባዬ» አለች።

«እሺ» አለ ጥላዬ፣ ከእሷ በላይ አሻግሮ ጋሽ ኃይለመስቀልን እያየ። «ስለ እናንተ ስል ነው።»

እትዬ ውቢት እልል አሉ። ጋሽ ኃይለመስቀል ተነስተው መረቁ፤ ዕድሜ፣ ጤና፣ ድል፣ ዋንጫ። ሄርሜላ አሜን አላለችም፤ ማንም ልብ አላላትም። አሸብር ሲወጣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ወደ ኋላ ሸሸችበት።

እንግዶቹ እንደሄዱ ጥላዬ ጋራዡን ከፍቶ የመጫወቻ ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀመረ። ያፏጫል። ከዚያ እራት ወዲህ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም።

«ነይ እስቲ ሄርሚ!» አላት በሩ ላይ ቆማ ሲያያት። «ነገ አብረን ነው የምንሄደው። ውሃ ትይዥልናለሽ። ዳር ሆኖ ማየትም ትምህርት ነው።»

‹እኔም በቃኝ› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ተናግራው ወደ ክፍሏ ብትወጣ፣ በሩን ዘግታ ብትተኛ፣ ምናልባት ይከተላት ይሆናል። ‹ምን ሲደረግ! አንቺ ከሌለሽማ!› ይላት ይሆናል። ደግሞ ‹እሺ፣ በትምህርትሽ በርቺ› ብሏት ፉጨቱን ይቀጥል ይሆናል። እሱ እንዲህ በር ዘግቶ፣ መጥተው ይለምኑኛል እያለ ስንት ወር ሙሉ ኮቴ ሲያዳምጥ ኖሯል። እሷ እንዲህ መኖር አትችልም። ቃሉን ዋጠችው።

«አባዬ፣ እኔ አልለቀቅኩም።»

«ማን ለቀቅሽ አለ?»

«ማንም። አንተ ሌላ እንዳይመስልህ ብዬ ነው። ቦታዬን ወስደህብኛል። እፈልገዋለሁ። ውሃ አልይዝም፤ ማልያዬን ለብሼ ነው የምመጣው። ከጨዋታው በኋላ አሸብርን በሁሉም ፊት እጠይቀዋለሁ።»

ፉጨቱ ቆመ። «ሽማግሌ ለምኖኝ እኮ ነው። ምን ይሉናል?»

«የፈለጉትን ይበሉ። እኔም ለምኜሃለሁ፤ ልለቅልህ ግን አላልኩም።»

ጥላዬ ጎንበስ ብሎ የሻንጣውን ዚፕ ይጎትት ጀመር። ዚፑ ተይዞበት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታግዘው ነበር።

ወደ ቤት ገባች። ማልያዋን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከታ ሳሙና ጨመረችበትና ማሽኑን አስነሳችው። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ፊልጶስ ነው። አሸብር ደውሎ ነግሮታል።

«ወጣን አይደል? ነገ ቤቴ ብተኛ ይሻላል» ይላል።

ሄርሜላ ማሽኑን ተደግፋ ጻፈችለት፦

«አትተኛ። ማልያህን ለብሰህ ና።»