የሊሙዋ ጠጅ ጣይ

ተናኘ ከጅማው ቡና መጋዘን የተሰናበተችው ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ በ1974 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። ዕድሜዋን ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ኖራ ዓይኗ ደከመ። አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም። «እናት፣ ከእንግዲህ ይረፉ» አላት። ነጠላዋን አራግፋ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ እዚያው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ልጇ ብርሃንነሽ ቤት ተቀመጠች። ብርሃንነሽ አስተማሪ ናት፤ እናቷን ዕቃ እንኳ አታስነካም። ተናኘ መስኮት ሥር ሆና አላፊ አግዳሚውን ታያለች። ማረፍ እንዲህ እንደሚያደክም ማንም ነግሯት አያውቅም።

ታኅሣሥ ላይ ለቅሶ ልትደርስ ሊሙ ገነት ሄደች። ስትመለስ አውቶቡሱ ገና ከሊሙ ሳይርቅ ከተማው ዳር ላይ ተበላሸ። ተሳፋሪው በየጥላው ሲበተን እሷ አንዲት ጠጅ ቤት በረንዳ ላይ ዐረፍ አለች። ባለቤቱ ወልደሰማያት ፂሙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጓሮው ካለው ጫካ ቀፎ ይሰቅላል፤ ጠጁን ትጥል የነበረችው ግን ሚስቱ ነበረች፤ እሷም ሞታለች።

በብርሌ ቀድቶ ሰጣት። ቀመስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አላት።

«ማርዎ ጥሩ ነው።»

«ጠጁስ?»

ልትዋሽ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ጠጁ ማሩን በድሎታል።»

ወልደሰማያት ከት ብሎ ሳቀ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እውነቱን የነገረኝ ሰው የለም። ደንበኛው ዝም ብሎ ነው የቀረው።»

«ጋኑ በደንብ አልታጠነም መሰለኝ። ጌሾውም በዝቷል። እናቴ ስትጥል አይ ነበር እንጂ እኔስ ጥዬ አላውቅም፤ ልሳሳት እችላለሁ።»

«እንግዲያው አብረን እንሳሳት» አለ።

ያን ቀን አውቶቡሱ ተጠግኖ ሄደች። በሳምንቱ ግን ተመልሳ መጣች፤ ማደሪያዋን ዘመዶቿ ቤት አድርጋ ሥራ ጀመረች።

የመጀመሪያው ጋን ሆምጣጤ ሆኖ ተደፋ። ሁለቱም እየሳቁ ደፉት። ለሁለተኛው ጋኑን በወይራ አጠኑ፣ ማሩን በጥብጠው፣ ጌሾውን መጥነው ጨመሩ። ተናኘ በየማለዳው ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ መብላላቱን ታዳምጥ ጀመር። ለዚህ ሥራ የደከመ ዓይን አያስቸግርም፤ አፍንጫና ጆሮ ይበቃሉ። ትዕግሥት ደግሞ ድሮም አላት።

ደንበኛው ተመለሰ። ከገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ የሚወጡት ሁሉ፣ እዚያ አፋቸውን ዘግተው ውለው እዚህ ይስቃሉ። የጫካ ማር የሚያመጣው ጎረቤት ሸኩር ብርዙን እየጠጣ፣ «ወላሂ፣ ጠጁን አልቀምሰውም፤ ሽታው ግን ከነበቅሎዬ መንገድ ላይ ያስቆመኛል። ጋሪዳ፣ ተናኘ፣ ጋሪዳ!» ይላታል፤ በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለቱ ነው።

ጠዋት ስትመጣ ወልደሰማያት በርጩማዋን ጠራርጎ ፀሐይ ላይ አውጥቶላት ታገኘዋለች። ማር ሲቆርጥም ነጩን ለይቶ ለብቻዋ ያስቀምጥላታል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አንዱ ጋኑን፣ አንዱ ደጁን ያያል።

የካቲት ላይ ብርሃንነሽ ሆዷ ገፍቶ መጣች።

«ልወልድ ነው፣ እማዬ። ጎንበስ ብለሽ ቡና ለቅመሽ አሳደግሽኝ፤ አሁን ደግሞ ለሰካራም ትቀጃለሽ?»

«አልቀዳም። እጥላለሁ።»

«ሰው ልዩነቱን አያውቅም!» ብላ ብርሃንነሽ አለቀሰች።

ተናኘ ወልደሰማያትን አየችው። አንድ ቃል ጠበቀች። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጅ ይቀድማል። ይሂዱ እንጂ» አለ።

ያቺ «ይሂዱ» እስከ ጅማ ድረስ ስትወጋት ሄደች። ለካ ለሠራተኛነት ብቻ ነው የፈለገኝ፣ አለች በልቧ።

ብርሃንነሽ ሴት ልጅ ወለደች። ተናኘ ሕፃኗን እያጠበች፣ እያስተኛች፣ ሳይታወቃት ስለ ጋን ታወራላት ነበር፤ በመጀመሪያ እንዴት ዝም እንደሚል፣ ከዚያ እንዴት እንደሚያጉረመርም፣ ሲደርስ እንዴት እንደሚረጋ። አራሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

አንድ ሐሙስ፣ በቀትር፣ ወልደሰማያት ለአራስ የሚሆን ማር ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ገብቶ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ተቀመጠ።

«ሠራተኛ ፍለጋ ከሆነ እናቴ አትሄድም» አለች ብርሃንነሽ።

«ሠራተኛስ ሊሙም አይጠፋም» አለ፤ ፊቱን ወደ ተናኘ አዞረ። «ያን ዕለት ይሂዱ ያልኩት፣ ከልጅ ጋር እናት የሚሻማ እንዳልባል ነው። ከሄዱ በኋላ ንቦቼንም ማየት አስጠላኝ። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። በኋላ፣ ሽማግሌውስ እኔው አይደለሁ? አልኩና መጣሁ።»

ብርሃንነሽ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ለልጄ ስለ ጋን ስታወሪላት ሰምቼሻለሁ። ስለ ቡናው እኮ አንድም ቀን አውርተሽልኝ አታውቂም» አለች።

«ስለሱ ምን ይወራል?»

«እኔስ እሱን አይደል የምልሽ። አሳርፍሽ መስሎኝ አስሬሽ ነበር። ሂጂ።»

ተናኘ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች።

«ብመጣ ለሥራዬ ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጋኑ ላይ የማዘው እኔ ነኝ።»

«ይዘዙ።»

«ለእርስዎም ብዬ ነው።»

«ይህ እርስዎ የሚሉት ሰውዬ ማን ነው?»

ጉንጯ ጋለ። «ለአንተም» አለች።

ከፋሲካ በኋላ ሊሙ ገነት ተጋቡ። ድንኳኑ ትንሽ፣ እንግዳውም ጥቂት ነበር። ብርሃንነሽ ልጇን አዝላ እየዞረች፣ «ጠጁ የእናቴ ነው» ትል ነበር፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም። ሙሽራዋ ግን አላረፈችም፤ በየመሃሉ ተነሥታ ጋኗን ልታይ ትሄዳለች።

«ኧረ ተቀመጪ፣ ሠርግሽ ነው!» አላት ወልደሰማያት እጇን ይዞ።

«ተወኝማ» አለችው እየሳቀች፣ «ሥራ ላይ ነኝ።»