የኡበይድ የውዱእ ውሃ

የሐይቁ ውሃ ናሙና ከሃዲ እጅ ገብቷል። ያስረከበችው ራሷ ናት።

ሀኒያ ይህን ያወቀችው ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ በኡበይድ የዓሣ ቅርጫት ውስጥ ካኖረችው በኋላ ነው። ሀኒያ የሽፋን ስሟ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ሎጅ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆና ገብታለች። በስውር የላካት የምርመራ ክፍል «ቄጤማ» ይላታል፤ ተቀባይዋን ኡበይድን ደግሞ «መረብ»።

«አብሽሪ እህቴ፣ ዛሬውኑ ደሴ ይገባል» አላት።

የአስር ሰላት አዛን ተሰማ። ኡበይድ እጅጌውን ጠቀለለ። ከቦርሳው ሃይላንድ አውጥቶ በታሸገ ውሃ ውዱእ ማድረግ ጀመረ።

ሐይቁ እግሩ ሥር ነው።

እስከ ትናንት ከዚሁ ዳርቻ ነበር የሚታጠበው። ሎጁ የፍሳሽ ማጣሪያውን አጥፍቶ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ በስውር ቱቦ ሐይቁ ውስጥ ይለቃል። ትናንት የቱቦውን አፍ ወደዚህ አዙረውታል። ይህን የሚያውቁት የሎጁ ሰዎችና እሷ ብቻ ናቸው። ለኡበይድ አልነገረችውም።

«ውሃው ራቀህ እንዴ?»

«ጉልበቴን ያመኛል፤ ማን ያጎነብሳል?» አለ ሳያያት።

አከራይዋ ራህማ የምትጠጣው ከዚህ ሐይቅ ቀድታ ነው። የልጅ ልጇ በተቅማጥ ከስታ ተኝታለች። ያለ ናሙናው ቱቦውን የሚያዘጋ ማስረጃ የለም። ኡበይድ ከሸጣት ደግሞ ዳግም ቱቦው አጠገብ አትደርስም።

ኡበይድ ወደ ቂብላ ዞሮ «አላሁ አክበር» አለ። ቅርጫቱ ከኋላው ቀረ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ለሱጁድ ሳይቸገር ተደፋ።

ሰውን ይሸጣል እንጂ ሰላቱን አያቋርጥም። ያላት ጊዜ ይኸው ብቻ ነው።

ፎጣውን ፈታች። እንደ እሱው ባለ ሃይላንድ የቀዳችውን ናሙናዋን አወጣች። ከውዱእ የተረፈውን ሃይላንድ በምትኩ ጠቀለለች።

ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

«ሱብሃነላህ!» ኡበይድ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሰላት ላይ ያለ ሰው የሚያስጠነቅቀው እንዲህ ነው።

እንዳለ የሚባለው የሎጁ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ደረሰ።

«ምንድን ነው የያዝሽው? ከሐይቁ የተቀዳ ነገር እንዳይወጣ ተብሏል።»

«የሚጠጣ ውሃ ነዋ።»

«እስቲ ጠጪው።»

ክዳኑን ከፈተች።

ናሙናው እንዳይበከል ጠርሙሱን ከከንፈሯ ሳታስነካ አንጋጣ አንቆረቆረችው። ለብ ያለ ነው። ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ከሳሙናው ሥር ሌላ ነገር አለ።

ዋጠችው።

«አፍሽን እንኳን አታስነኪም! የጨዋ ልጅ ነሽ አቦ!» ሳቀ እንዳለ።

ኡበይድ ሰላቱን ጨርሶ ዞረ። ፎጣውን ዳሰሰ። ጠርሙስ አለ። ከዚያ እጇን አየ።

«የውዱእ ውሃዬን ጠጣሽብኝ?»

«ጠማኝ፣ ወንድሜ።»

«ሀላል ይሁንልሽ።»

ሄደች። አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ይታያል።

የደሴን መንገድ ኡበይድ ያውቀዋል። እሷ ወደ ውጫሌ ተሳፈረች። እዚያ ከገበያው ጀርባ ባለች ክፍል አለቃዋ ሰላማዊት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

«አንሷል።»

«የቀረው ሆዴ ውስጥ ነው።»

ሰላማዊት ጠርሙሱን በረዶ ውስጥ ቀበረችው። «ይበቃል። ቱቦውን እናዘጋዋለን። አሁን ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«በማን ስም? ሀኒያ ብዬ ከተመዘገብኩ ኡበይድ ነገውኑ ያገኘኛል።» ሆዷን ቆረጣት። ከፍርሃቱ ይሁን ከውሃው አላወቀችም። «ለራህማ መልእክት ላኪላት፤ ልጅቷን ውሃውን አፍልታ ታጠጣት።»

«ሀኒያ አለችሽ ልበላት?»

«ሀኒያ የምትባል የለችም።»

ሻርፗን ገልብጣ ለበሰች። ወጣችና በሩን ዘጋችው።